ከላይ እሳት፣ ከታች እሳት፤ የመጋገሪያ ዕቃዎች ታሪክ ከቀይ ባሕር ዛጎል እስከ አብነት ማድ ቤት

የአንድ ሕዝብ የማብሰያ ዕቃ የሚበላውን ምግብ ብቻ ሳይሆን የማይበላውንም ጭምር ይመሰክራል። ይህ ምስክርነት ጎልቶ ከሚታይባቸው ዕቃዎች አንዱ፣ በባሕር ዳር አገሮች ዛጎል ለበስ እንስሳትን በምድጃ ውስጥ ለመጋገር የሚያገለግለው ነው። ፈረንጆች ኦይስተር የሚሉት የባሕር እንስሳ በሁለት የዛጎል ክዳኖች መካከል ይኖራል። ዛጎሉ ወጣ ገባ ስለ ሆነ በጠፍጣፋ ዕቃ ላይ ሲቀመጥ ያጋድላል፤ ባጋደለም ጊዜ ጣዕሙን የያዘው ፈሳሽ ይፈስሳል። ስለዚህ የባሕር ዳር ወጥ ሠሪዎች በብረት ዝርግ ዕቃ ላይ ሻካራ ጨው በብዛት ያነጥፉና ዛጎሉን በጨው ውስጥ ይተክሉታል፤ ወይም ለእያንዳንዱ ዛጎል የተለየ ጎድጓዳ መቀመጫ ያለው ዕቃ ያሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ1899 በአሜሪካ በኒው ኦርሊንስ ከተማ፣ አንቷን በተባለው ምግብ ቤት ዡል አልሲያቶር ያወጣውና በሮክፌለር ስም የተጠራው የኦይስተር ምግብ እንዲህ በዛጎሉ ግማሽ ላይ እንዳለ በኀይለኛ ሙቀት የሚጋገር ነው። በፈረንሳይ አገር የቅዱስ ያዕቆብ ዛጎል የሚባለው ደግሞ ራሱ ዛጎሉ ሳሕን ሆኖ ወደ ምድጃ ይገባል። በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍም ጉድጓድ ቈፍረው፣ ድንጋይ አግለው፣ በላዩ እርጥብ የባሕር አረም ጐዝጕዘው ዛጎል ለበሱን ሁሉ በእንፋሎት የሚያበስሉበት ልማድ አለ።

እነዚህ ዕቃዎችና ዘዴዎች በመልክ ቢለያዩም ተግባራቸው ሦስት ነው። አንደኛው የሚበስለውን ነገር ሳያጋድል አስተካክሎ ማስቀመጥ ነው። ሁለተኛው ፈሳሹና እንፋሎቱ እንዳይጠፋ መያዝ ነው። ሦስተኛው ሙቀት ከታች ብቻ ሳይሆን ከላይም እንዲደርስ ማድረግ ነው። በኢትዮጵያ ደጋ ኦይስተር የሚጋግር ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን እነዚህ ሦስት ተግባራት ከባሕር ርቆ፣ በሌላ ምግብ ምክንያት፣ በሸክላና በቅጠል፣ ኋላም በላሜራ ተፈጽመው ይገኛሉ። የዚህን ዕቃ ታሪክ መከታተል የሚጠቅመው ስለ ምግብ ለማወቅ ብቻ አይደለም፤ ዕቃውን የሠሩት ሰዎች በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ የያዙት ቦታ ከሥራቸው ጋር ሲመዛዘን እጅግ ያነሰ ስለ ሆነ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ባሕሩ መናገር ይገባል፤ የቀይ ባሕር ጠረፍ ለዛጎል ለበስ ምግብ እንግዳ አልነበረምና። ዛሬ በኤርትራ ግዛት ውስጥ፣ በዙላ ባሕረ ሰላጤ ዳር፣ አብዱር በተባለው ቦታ ጥንታዊ የዛጎልና የኮራል ድንጋይ ንጣፍ ይገኛል። ሮበርት ዋልተርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ በዚህ ንጣፍ ውስጥ ሰው የቀረጻቸው የድንጋይ መሣሪያዎች እንደ ተገኙና ዕድሜያቸውም ወደ 125,000 ዓመት እንደሚደርስ ገለጹ። ተመራማሪዎቹ ከዚህ ተነሥተው፣ የጥንት ሰዎች በዚያ ጠረፍ የባሕርን እንስሳ ለምግብ ይፈልጉ እንደ ነበረ አመለከቱ። ሐሳባቸው ከጸና፣ ሰው ከባሕር ምግብ ማግኘቱን ከሚያስረዱት ጥንታዊ ማስረጃዎች መካከል አንዱ የሚገኘው ለኢትዮጵያ ደጋ ቅርብ በሆነው በዚህ ጠረፍ ነው ማለት ነው።

ከዚያ እጅግ ዘግይቶ፣ በዚሁ ባሕረ ሰላጤ ዳር አዱሊስ የአክሱም መንግሥት ወደብ ሆነ። በ1ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በኋላ በግሪክ ቋንቋ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መጽሐፍ፣ ከአዱሊስ የዝኆን ጥርስ፣ የኤሊ ልብስና የአውራሪስ ቀንድ ይላክ እንደ ነበረ ይዘረዝራል። የዳህላክ ደሴቶችም በሉል አጥማጆቻቸው የታወቁ ሆነው ኖረዋል። ከዚህ ሁሉ የሚታየው፣ ባሕሩ ለደጋው የላከው የዛጎልን ውበት እንጂ የዛጎልን ሥጋ አለመሆኑን ነው። ዛጎል በደጋው ውስጥ በአንቀልባ፣ በመሶብና በልዩ ልዩ የቆዳ ዕቃ ላይ እየተሰፋ ጌጥ ሆነ፤ ዕድል ነጋሪዎችም መጣያ አደረጉት። ቋንቋውም ይህንኑ ይመሰክራል፤ ዛጎል የሚለው ቃል ልብሱን እንጂ በውስጡ የሚኖረውን እንስሳ አያመለክትም፤ ለእንስሳውም በአማርኛ የታወቀ የማድ ቤት ስም አልወጣለትም።

ለዚህ ሁለት ምክንያቶች ይታያሉ። አንደኛው ሕግ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 በውሃ ውስጥ ከሚኖሩት እንስሳት ክንፍና ቅርፊት ያላቸው ብቻ እንዲበሉ ተፈቅዶአል፤ የኢትዮጵያ ክርስቲያኖችም ሆኑ ቤተ እስራኤል ይህን የምግብ ሥርዐት ጠብቀው ኖረዋል። በእስልምና በኩል የሻፊዒ ሊቃውንት የባሕርን እንስሳ በሰፊው ሲፈቅዱ፣ የሐነፊ ሊቃውንት ግን ከባሕር ዓሣን ብቻ ይፈቅዳሉ። ሁለተኛው ምክንያት መንገድ ነው። ዛጎል ለበስ እንስሳ ከውሃ ከወጣ በኋላ ቶሎ የሚበላሽ ነው፤ ከጠረፍ ተነሥቶ በበቅሎ ደጋውን እስኪወጣ ድረስ ምግብነቱ አይጸናም። ርቀት ብቻውን ንግድን እንደማይከለክል የሚያሳየው ጨው ነው። ከአፋር ቆላ የሚቈረጠው አሞሌ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ደጋው ሁሉ ይደርስ ነበር፤ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያም በብዙ ገበያ እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር። በሌላ አገር የዛጎል መተከያ ሆኖ በምድጃ ውስጥ የሚነጠፈው ጨው፣ በዚህ አገር እየተቈጠረ የሚመነዘር ሀብት ነበረ። ስለዚህ የኦይስተር መጋገሪያ በደጋው ውስጥ አለመኖሩ የጥበብ ጕድለት አይደለም፤ የሕግ፣ የመንገድና የዋጋ ውጤት ነው።

የደጋው ሰው ሌላ ችግር ነበረበት፤ ይኸውም ሊጥ ነው። ጤፍ ሊጡን ወጥሮ የሚይዝ፣ በስንዴ ውስጥ የሚገኘው ሙጫ የመሰለ ነገር የለውም፤ ከጤፍ የሚዘጋጀውም ቀጭን ሊጥ ፈሳሽ ስለ ሆነ የስንዴ ሊጥ እንደሚለጠፍ በምድጃ ግድግዳ ላይ ሊለጠፍ አይችልም። ዳያን ላየንስ እና ካትሪን ዳንድሪያ እ.ኤ.አ. በ2003 ስለ ሰሜን ኢትዮጵያ ዳቦና እንጀራ አጋገር ባሳተሙት ጥናት ይህን ጉዳይ አብራርተዋል። እንደ እነርሱ አስተያየት፣ በቅርብ ምሥራቅ አገሮች ምድጃ፣ በኢትዮጵያ ደጋ ደግሞ ምጣድ ዋና መጋገሪያ ሊሆን የቻለው በየአገሩ ከበቀለው እህል ጠባይ የተነሣ ነው። እህሉ ዕቃውን መረጠ ማለት ነው፤ በባሕር ዳርም ዛጎሉ ጎድጓዳውን ዕቃ እንደ መረጠ።

ምጣድ ከ50 እስከ 60 ሳንቲሜትር የሚደርስ ስፋት ያለው ክብ የሸክላ ገበታ ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ ሲቀመጥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈለግበት ውሃ ልኩን መጠበቅ ነው። ያጋደለ እንደ ሆነ ሊጡ ወደ አንድ ወገን ይሄድና እንጀራው በአንዱ በኩል ወፍሮ በሌላው በኩል ሳስቶ ይወጣል። ስለዚህ ጋጋሪዋ ጉልቻውን በጠጠርና በዐፈር እየደገፈች ታስተካክለዋለች፤ ይህም ወጥ ሠሪው ዛጎሉን በጨው ውስጥ ተክሎ ከሚያስተካክለው ሥራ ጋር አንድ ነው። ሊጡ በጋለው ምጣድ ላይ ከዳር ወደ መካከል እየዞረ ሲፈስስ፣ በቡኮው ጊዜ የተፈጠረው አየር በሙቀት ኀይል ወጥቶ ዐይን ያበጃል። ዐይኑ ከወጣ በኋላ አክንባሎው ይከደናል። የአክንባሎው ተግባር የእሳቱን ኀይል መጨመር ሳይሆን እንፋሎቱን መያዝ ነው፤ የእንጀራው ጀርባ በምጣዱ ሙቀት ሲበስል ፊቱ በእንፋሎት ይበስላል። የቀድሞው አክንባሎ ከጭቃ ወይም ከእበትና ከጭድ የሚሠራ ስለ ነበረ ከእንፋሎቱ ጥቂቱን ራሱ ይጠጣ ነበር፤ እንደ ልብም አይግልም ነበር።

እንጀራ ቀጭን በመሆኑ በእንፋሎት ብቻ ፊቱ ሊበስል ይችላል፤ ወፍራሙ ድፎ ዳቦ ግን እውነተኛ የላይ እሳት ይፈልጋል። በዚህ ጊዜ የደጋው ጋጋሪ ግድግዳ የሌለው ምድጃ ትሠራለች። ከታች ምጣድ ይጣዳል፤ በምጣዱ ላይ የኮባ ቅጠል ይነጠፋል፤ ሊጡ በቅጠሉ ውስጥ ይፈስስና ቅጠሉ ተመልሶ ይሸፍነዋል፤ በላዩ ሌላ ምጣድ፣ ወይም በኋለኛው ዘመን ቆርቆሮ፣ ይደፋበትና ፍም ይደረግበታል። ከታችም መጠነኛ እሳት ይነድዳል። ቅጠሉ ሊጡ እንዳያርር ይከላከላል፤ ርጥበቱን ይጠብቃል፤ መዐዛም ይሰጠዋል። በሁለት ወገን የተጨነቀ ሰው እንደ ድፎ ዳቦ ከላይም ከታችም እሳት ነደደበት የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው። በጉራጌ አገር ቆጮ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ በምጣድ ላይ ሲጋገርም ቅጠሉ የሚሰጠው አገልግሎት ይኸው ነው። በእርጥብ የባሕር አረም የተሸፈነው የአሜሪካ ጠረፍ ጉድጓድና በኮባ የተሸፈነው የደጋው ምጣድ የማይተዋወቁ ሕዝቦች ሥራ ናቸው፤ ይሁን እንጂ ሁለቱም እርጥብ ቅጠልን የምድጃ አካል ማድረጋቸው ምግቡን ሳያደርቁ የማብሰል ችግር አንድ ስለ ሆነ ነው።

ይህን ዕቃ የሚሠሩት አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች ናቸው። ሸክላ ሠሪዋ ዐፈሩን ከታወቀ ስፍራ ቈፍራ ታመጣለች፤ ትወቅጠዋለች፤ ትነፋዋለች፤ በውሃ ለውሳም ያለ መንኰራኵር በእጇ ትሠራዋለች። ከዚያም በድንጋይ አለስልሳ በጥላ ካደረቀችው በኋላ በማገዶና በኩበት እሳት ትተኵሰዋለች። ትልቅ ምጣድ ቀጭንና ሰፊ በመሆኑ በሚተኰስበት ጊዜ የመሰንጠቅ አደጋ አለበት፤ አንድ ስንጥቅ የብዙ ቀን ድካም ከንቱ ያደርጋል። ምጣዱ ከተሸጠ በኋላም ሥራው አላለቀም፤ ገዢዋ በጎመን ዘር ደጋግማ እያሸች ታሟሸዋለች። የቅባቱ እህል በሙቀት እየተቃጠለ የሸክላውን ቀዳዳ ይደፍናል፤ ፊቱም ጠቍሮ ይለሰልሳል፤ ሊጡም አይያያዝበትም። ከዚህ የሚታየው ምጣድ የሁለት ሴቶች፣ የሸክላ ሠሪዋና የጋጋሪዋ፣ የጋራ ሥራ መሆኑ ነው።

ይሁን እንጂ ሁለቱ ሴቶች በኅብረተ ሰቡ ፊት እኩል አልነበሩም። ጋጋሪዋ በባለሞያነቷ ስትመሰገን፣ ሸክላ ሠሪዋና ብረት ቀጥቃጩ ጠይብ፣ ቡዳ እየተባሉ ይሰደቡ ነበር፤ ከእነርሱ ጋር መጋባትና በአንድ ማዕድ መቀመጥ በብዙ ቦታ የተከለከለ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በእጁ ሥራ መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አወጡ። ዐዋጁ መውጣቱ ራሱ ስድቡ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበረ ያሳያል፤ ከዚያም በኋላ ልማዱ በአንድ ጊዜ አልጠፋም። እዚህ ላይ ሊታሰብበት የሚገባ ተቃርኖ አለ፤ የማይነካ ተብሎ የተወገደው እጅ የሠራው ምጣድ በየቤቱ ውስጥ ገብቶ፣ የዕለት እንጀራ የሚጋገርበት ዕቃ ሆኖ ኖሯል። የቤተ መንግሥቱም ግብር ከዚህ እጅ ሥራ ውጭ አልተዘጋጀም።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ የምጣዱ ታሪክ ከማገዶ ታሪክ ጋር ተያያዘ። በሦስት ጉልቻ ላይ የሚነድ ክፍት እሳት ብዙ እንጨት ይበላል፤ ሙቀቱም አብዛኛው በየጎኑ ወደ አየር ይሄዳል። ከተማይቱ በሕዝብ ስትሞላ በዙሪያዋ የነበረው ደን እየተመነጠረ ዐለቀ፤ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ የማገዶው ችግር ከመበርታቱ የተነሣ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ዐሰቡ። ከተማይቱን ካረጉት ምክንያቶች አንዱ ከውጭ አገር መጥቶ የተተከለውና ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው። ስሙ ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ ማለት ነው፤ ባሕሩ ለደጋው ማድ ቤት ዛጎል ለበስን ባይሰጥም ማገዶን ሰጠ። ያን ማገዶ ከእንጦጦ ተራራ በጀርባቸው ተሸክመው የሚያወርዱት ሴቶች ደግሞ የዚህ ታሪክ ሦስተኛ ባለ ድርሻ ሆኑ።

ዋናው ገበያ በመጀመሪያ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። በኢጣልያ ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ወራሪው መንግሥት አውሮፓውያንንና የአገሩን ተወላጆች ለመለያየት ባወጣው ዕቅድ መሠረት የሀገሬው ገበያ ወደ ምዕራብ ተዛወረ። ገበያው በኢጣልያንኛው ስም መርካቶ ሲባል ቀረ፤ አካባቢውም አዲስ ከተማ ተባለ። የወረራው ዘመን አጭር ቢሆንም በእጅ ሠራተኛው ቋንቋ ላይ ያሳደረው ምልክት እስከ ዛሬ ይታያል። ስስ የብረት ገበታው ላሜራ፣ መቈንጠጫው ፒንሳ፣ ብሎን መፍቻው ካቻቢቴ ሲባል ይሰማል፤ ሁሉም የኢጣልያንኛ ቃላት ናቸው። ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው ፉርኖ የሚለው ቃል ነው። በኢጣልያንኛ ፎርኖ ማለት ምድጃ ማለት ነው፤ በአማርኛ ግን ፉርኖ የነጩ ዳቦና የነጩ ዱቄት ስም ሆነ። ምድጃው በዳቦ ቤቱ ግድግዳ ውስጥ ተሰውሮ ሲቀር ስሙ ወደ ዳቦው ተሻገረ። ቤተ ሰቡ ዳቦውን ገዛ፤ ግድግዳ ያለው ምድጃ ግን በብዙ ቤት ውስጥ አልገባም፤ በማድ ቤቱ ምጣዱ ባለቤት ሆኖ ቀረ።

በመርካቶ ውስጥ ምናለሽ ተራ የሚባለው ስፍራ በዚህ ለውጥ ታላቅ ድርሻ አለው። ቆራሌው በየሠፈሩ እየዞረ የሚሰበስበው አሮጌ ብረት፣ ባዶ በርሜል፣ ጣሳና የተሰበረ ዕቃ ሁሉ ወደዚህ ይመጣል። በዚያ የሚሠሩት ቀጥቃጮች በርሜሉን ሰንጥቀው፣ ደብድበው ጠፍጣፋ ያደርጉታል፤ ከዚያም ቈርጠውና አጥፈው ምድጃ፣ ሣጥን፣ ባልዲና የምጣድ ክዳን ያደርጉታል። ዕቃው ከአዲስ ላሜራ ከተሠራው ይልቅ ርካሽ ስለ ሆነ ድኻው ሕዝብ ይገዛዋል። ቀጥቃጩ በገጠር ይሰደብበት የነበረው ሞያ በመርካቶ የከተማ ንግድ ሆነ። ስድቡ ፈጽሞ ጠፋ ባይባልም፣ ከልዩ ልዩ አገር የመጣ ሰው በአንድ ተራ ውስጥ መዶሻ ሲያነሣ ትውልዱን የሚጠይቀው ደንበኛ እያነሰ ሄደ።

የዚህን ገበያ ዕቃ አገልግሎት ለመረዳት ከመርካቶ ጋር ተጎራብቶ የሚገኘውን አብነትን የመሰለ ሠፈር መመልከት ይጠቅማል። በገበያው ዙሪያ ባሉ ሠፈሮች ቤቶች ተጠጋግተው የተሠሩ ናቸው። በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤቶች ከተወረሱ በኋላ በቀበሌ ይተዳደሩ ከነበሩት ቤቶች ብዙዎቹ ማድ ቤታቸው ለበርካታ አባወራዎች የጋራ ሆነ። በጋራ ማድ ቤት ውስጥ ሦስት ጉልቻ ተክሎ ቀኑን ሙሉ ማገዶ ማንደድ ጢሱም ቦታውም አይፈቅድም፤ ስለዚህ የሚነሣና የሚቀመጥ፣ ቦታ የማያጣብብ፣ ማገዶ የሚቈጥብ ዕቃ ተፈለገ። የላሜራ ከሰል ምድጃ ለወጥና ለቡና ይህን አሟላ፤ ለእንጀራ ግን አልበቃም፤ የሰፊውን ምጣድ ዳርና መካከል እኩል የሚያግል እሳት በትንሽ ምድጃ ውስጥ አይገኝምና።

ለእንጀራው መፍትሔ ሆኖ የመጣው የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። የቆቃ የውሃ ኀይል ማመንጫ በ1952 ዓ.ም. ተመርቆ ሥራ ከጀመረ በኋላ በአዲስ አበባ የኤሌክትሪክ አቅርቦት ሲሰፋ ዕቃው እየተለመደ ሄደ። አሠራሩ ሲታይ ግን አዲስነቱ የሚታሰበውን ያህል አይደለም። በሸክላው ምጣድ ጀርባ ላይ እየዞረ የሚሄድ ቦይ ይቀረጻል፤ የኤሌክትሪክ ሽቦው በቦዩ ውስጥ ይዘረጋል፤ በላዩም ጀሶ ይለሰናል። ይህ ሁሉ በላሜራ ዕቃ ውስጥ ተቀምጦ የብረት እግር ይበጅለታል፤ በላዩም የአልሙኒየም አክንባሎ ይደፋበታል። ብረት እንደ ጭድና እበት እንፋሎት ስለማይጠጣ ክዳኑ ጫፉ ሾጠጥ ያለ ሆኖ ይሠራል፤ ጠብታው በእንጀራው ላይ እንዳይወድቅ በጎኑ ተንሸራትቶ ወደ ዳር ይወርዳል። ዕቃው ከ3,500 ዋት ያላነሰ ኀይል ይጠይቃል፤ ስለዚህም በቤት ውስጥ ካሉት የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ሁሉ ብዙ ከሚበሉት መካከል ነው። እሳቱ ተለወጠ፣ ማቀፊያው ተለወጠ፣ ክዳኑም ተለወጠ፤ እንጀራው የሚያርፍበት ፊት ግን ያው ሸክላ ነው፤ እንደ ቀድሞውም ይሟሻል።

የሸክላው ጥቅም በከሰል ምድጃም ላይ ታየ። ተራው የላሜራ ምድጃ ሙቀቱን በግድግዳው በኩል ያባክናል። በ1980ዎቹ ዓ.ም. የመንግሥት የኀይል ጥናት ባለሞያዎች በኬንያ ከተለመደው ሸክላ ለበስ ምድጃ ትምህርት ወስደው ላቀች የተባለውን ምድጃ አወጡ። ይህ ዕቃ ከውጭ የቀጥቃጭ፣ ከውስጥ የሸክላ ሠሪ ሥራ ነው፤ ከተራው የብረት ምድጃ ጋር ሲነጻጸር ከከሰሉ ሩብ ያህሉን እንደሚያድን ተገምቶአል። በዚሁ ዘመን የወጣው ምርት የተባለው የእንጀራ ምድጃ ደግሞ ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከቀላል የእሳተ ገሞራ ጠጠር በቅርጽ እየተመታ የሚዘጋጅ ነው። አራቱ ክፋዮች ምጣዱን ዙሪያውን ሲያቅፉ፣ ሁለቱ ደግሞ ጢሱን ያስወጣሉ፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲመዛዘን ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም የሚለው ተረት ለወጡ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ከእንጦጦ እንጨት ለምትሸከመው ሴት ግን የጉልቻው መለወጥ የሸክሙን ግማሽ ማውረድ ማለት ነው።

ከዚህ በላይ የተተረከው ሁሉ ሲጠቃለል አንድ ነገር ይገልጻል። በመርካቶ የቀጥቃጩና የሸክላ ሠሪዋ ሥራ በአንድ ዕቃ ውስጥ ተገናኘ፤ በገጠር በስድብ አንድ የተደረጉት ሁለቱ ሞያዎች በከተማ በዕቃው አንድ ሆኑ። ነገር ግን የዕቃው ውጫዊ መልክ ብረት ስለ ሆነ ገዢው የሚያየው የብረቱን ሥራ ነው። ሸክላው በላሜራ ውስጥ ተሸፍኖአል፤ ከእርሱም ጋር የሸክላ ሠሪዋ ስም ተሸፍኖአል። በቀጨኔ የሚኖሩትን የመሰሉ የአዲስ አበባ ሸክላ ሠሪዎች በየትኛው ወር የተቈፈረ ዐፈር እንደማይሰነጠቅ፣ የእሳቱ ልክ በምን እንደሚታወቅ፣ ዐፈሩ ከምን ጋር እንደሚደባለቅ ያውቃሉ። ይህ ዕውቀት ከእናት ወደ ልጅ በእጅ የሚተላለፍ ነው እንጂ በመጽሐፍ የተመዘገበው ጥቂት ነው። ስድቡን የምትሸሽ ልጅ ሞያውን በምትተውበት ጊዜ ዕውቀቱ አብሮ ይቋረጣል፤ ያን ጊዜ የሚጠፋው አንድ ጥንታዊ ጌጥ አይደለም፤ የኤሌክትሪኩም ምጣድ ሳይቀር የቆመበት መሠረት ነው።

የምናለሽ ተራ ቀጥቃጭ ጎድጓዳ መቀመጫዎች ያሉበትን የኦይስተር መጋገሪያ እንዲሠራ ቢታዘዝ፣ ልኩ ከተነገረው ለመዶሻው የሚከብድ ሥራ አይደለም። እስከ ዛሬ በዚያ ተራ ያልተለመደው ሥራው ስለሚከብድ ሳይሆን ፈላጊ ስለሌለው ነው። የምጣዱ ነገር ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ ፈላጊው በሚሊዮን የሚቈጠር ሲሆን የሠሪው ዕውቀት ግን ሊቋረጥ የሚችል ነው። በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በቤተ መዘክሩ የቤት ዕቃዎችን ሰብስቦ ማኖሩ ታላቅ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ በመስተዋት ውስጥ የተቀመጠ ምጣድ እንዴት እንደ ተሠራ ራሱ አይናገርም። የመርካቶ አሮጌ ተራዎች በየጊዜው እየፈረሱ በፎቅ ቤቶች ሲተኩ፣ ቀጥቃጩና ሸክላ ሻጭዋ የሚገናኙበት ስፍራ እየጠበበ ይሄዳል። ስለዚህ ለሕዝብ ልማድ ጥናት የተዘጋጀ ተማሪ ከነገሥታቱ ዜና መዋዕል ጐን የምጣድን አሠራር ከባለሞያዋ አፍ ቢጽፍ፣ የዐፈሩን ስፍራ፣ የልኩን ስም፣ የመተኰሻውን ሰዓት ቢመዘግብ፣ ከሁሉም በላይ የሠሪዋን ስም በክብር ቢያሰፍር፣ የ1900 ዓ.ም. ዐዋጅ ያልጨረሰውን ሥራ በከፊል ይፈጽማል።